አሥራ አራተኛው ካርድ

ዶሮ ማነቂያ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለቀድሞ ወዳጄ፣

ጤናህን ልጠይቅ ብዬ ብዕር ሳነሳ እፍረት ያዘኝ። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያልጠየቀች ሴት ዛሬ ተነስታ እንዴት ነህ ብትል ምን ትባላለች? ቢሆንም ልጠይቅ። ወገብህ እንዴት ነው? ሲሚንቶ ላይ መተኛት ጎድቶታል ሲሉ ሰማሁ። ዓይንህስ? ቀጫጭን ሽቦ ለማየት ያኔም መነጽር ያስፈልግህ ነበር፤ መነጽርህን ገና በመጀመሪያው ቀን እንደሰበሩብህ ነገሩኝ። እህትህ ምብራትስ ደህና ናት? ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ተሰልፋ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ቀይሬ ሄድኩ።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጤናዬ ምንም አልሆነም። ይህንንም ስጽፍልህ አፍራለሁ።

መፈታትህን የነገረችኝ ለተኪዳን ናት። ታስታውሳታለህ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጣ ካርድ ትበሳ የነበረችው፣ ሳቋ ከማሽኑ በላይ የሚሰማው። በአብዮት በዓል ምሕረት ከወጡት ውስጥ መሆንህን ስትነግረኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ቀጥላ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። አፍንጮ በር እህትህ ቤት ጠያቂ በሞላበት ቀን፣ የክፍላችን ኃላፊ የነበሩት አቶ አስገዶም ከሚስታቸው ከወይዘሮ ለተክርስቶስ ጋር ድፎ ዳቦ ይዘው፣ በከዘራ እየተደገፉ መጥተው ነበር አለችኝ። አንተም ከተቀመጥክበት ሳትነሳ «ፈርሞ የላከኝን ሰው እጅ አልጨብጥም» አልክ።  ሽማግሌውም ዳቦውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጠው፣ ሚስታቸውን በክንዳቸው ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ይህን ስሰማ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እኚህ ሰው አልሸጡህም፣ ወዳጄ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይህን ለመንገር ነው። ለተኪዳን በእጅህ ትሰጥሃለች፤ አንብበህ ቅደደው። ዘመኑን ታውቀዋለህ።

ያ ቀን በአንተ በኩል እንዴት እንደነበር ታውቃለህ። በእኔ በኩል ግን አታውቀውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

እዚያ መሥሪያ ቤት የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው። አባቴ ፒያሳ ጨርቅ ቤት እያለው ልጁ ከወንድ ጋር ቢሮ መዋሏን አልወደደውም ነበር፤ እናቴ ናት የለመነችልኝ። ምድር ቤቱ ውስጥ ስምንት ሴቶች ሆነን ሒሳቡንና የሠራተኛውን የሥራ ቀን ማሽኑ እንዲያነበው በቀዳዳ እያሰፈርን ቀኑን ሙሉ ካርድ እንበሳ ነበር። የማሽኖቹ ድምፅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፤ ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ይዘንብ ነበር። አንተ ያችን ግራጫ ጋዋን ለብሰህ፣ ደረት ኪስህ ላይ ብሩሽና መፍቻ ሰክተህ ከማሽን ማሽን ትዞራለህ። ሴቶቹ «ሐኪሙ» ነበር የሚሉህ።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የምበሳው ነገር ምን እንደሚሆን ጠየቅኩህ። አንድ ካርድ አንስተህ ወደ አምፖሉ አቀናህና እንዲህ አልከኝ፦ «ወረቀት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀዳዳ ያለበት ቦታ ሲደርስ ግን የሽቦው ብሩሽ ዘልቆ ከሥር ያለውን ብረት ይነካል። ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ማሽኑም ካርዱን ወደ ቦታው ይጥለዋል። በቃ። የሚያውቀው አለና የለም ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሰውየው ማን እንደሆነ በምን ያውቃል?» አልኩህ።

«ሰውማ አያውቅም» ብለህ ሳቅክ።

ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የጀመረን። ከሥራ ስንወጣ፣ ሰው እንዳያየን አንዱ በአንደኛው ጥግ፣ ሌላው በሌላው ጥግ ዞረን ከጊዮርጊስ በታች እንገናኝ ነበር። ሌላው ወንድ ለሴት ዘፈን ያንጎራጉራል፤ አንተ የማሽን ታሪክ ትነግረኝ ነበር። አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በፊት ሕዝባቸውን ቆጥረው፣ ቆጠራውን በእጅ ደምረው ለመጨረስ ሰባት ዓመት ያህል እንደፈጀባቸው። አንድ መሐንዲስ የባቡር ትኬት ሲበሳ አይቶ ሰውን ሁሉ በካርድ ላይ በቀዳዳ ለመጻፍ እንዳሰበ። የመጀመሪያው ማሽኑ ላይ መርፌዎቹ በቀዳዳው አልፈው የባዜቃ፣ የዚያ ፈሳሽ ብረት፣ ጠብታ ውስጥ ሲጠልቁ ኤሌክትሪክ እየተገናኘ ቆጣሪውን እንደሚያዞር። «ይህ የኛ ማሽን የዚያ የልጅ ልጅ ነው» ትለኝ ነበር፣ ስለ ዘመዶችህ የምታወራ ይመስል። እኔ ከታሪኩ ይልቅ የምትናገርበትን መንገድ ነበር የምወደው። አንተ የትግራይ ደብተራ የልጅ ልጅ፣ እኔ የጉራጌ እስላም ነጋዴ ልጅ፤ የሁለታችንም ቤት ቢሰማ ምን እንደሚከተል እናውቅ ነበር። ስለዚህ ስለ ማሽን እናወራለን።

የ1968ቱን መስከረም ሦስት ቀን መቼም አልረሳኸውም። እኔ ቡታጅራ ያለችው አክስቴ ዐፊፋ ሞተች ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። እሷ ዛሬም በሕይወት አለች፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አንተ ደግሞ ወባ ተነሳብኝ አልክ። አምቦ ሄድን። ስንመለስ በነዚያው ቀኖች ከተማው ውስጥ የአድማ ወረቀት ተበትኖ እንደነበር፣ ሥራ ያልገቡ ሰዎችም እንደሚፈለጉ ሰማን። «ሳናውቀው አድመኛ ሆነን መጣን» ብለህ አሳቅከኝ። ወሩ ሲያልቅ የሥራ ቀን ካርዱን የበሳሁት እኔ ነኝ። ላልገባንባቸው ቀኖች በአንተ ቁጥር ሦስት ቀዳዳ፣ በእኔ ቁጥር ሦስት ቀዳዳ። በሥራዬ እኮራ ስለነበር ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አመሳክሬያለሁ።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ። ጥር 1970፣ ማክሰኞ ነበር። አንተ ጠዋት መርካቶ ቅርንጫፍ የተበላሸ ማሽን ልታይ ሄደሃል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቡላ ኮት የለበሰ ሰው ጠመንጃ ከያዘ ጠባቂ ጋር ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ሴቶቹን አስወጣቸው። አቶ አስገዶምን በክፍል ኃላፊነታቸው፣ እኔን ደግሞ ካርድ መለያውን ማሽን የማንቀሳቅሰው እኔ ስለሆንኩ አስቀረን። የ68 መስከረም ካርዶች ሳጥን ይውጣ አለ። በነዚያ ሦስት ቀኖች፣ በሦስቱም፣ ሥራ ያልገባውን ሁሉ ማሽኑ ያውጣልኝ አለ።

አቶ አስገዶም «ጓድ፣ ያልገባ ሁሉ አድማ ላይ ነበር ማለት አይደለም። የታመመ አለ፣ ለቅሶ የሄደ አለ» አሉት።

ሰውየው «እሱን እኛ እንጠይቃለን። ያንተ ሥራ ማውጣት ነው» አላቸው።

አወጣሁለት። ሦስት ጊዜ ነው ያሳለፍኩት፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጊዜ። መጀመሪያ ስልሳ ምናምን ካርድ ወደቀ። ከስልሳው ውስጥ ሁለተኛውን ቀን ስፈልግ ሃያ ሰባት ቀረ። ሦስተኛውን ሳሳልፍ ካርዶቹ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ እያሉ ወደ ኪሱ ገቡ፤ ቆጣሪውም አሥራ አራት ላይ ቆመ። ያን ጊዜ ሁሉ፣ ብታምነኝም ባታምነኝም፣ ስለ አምቦ ትዝ አላለኝም። ሁለት ዓመት አልፎታል። ሌላ ሰው የሚፈለግበት ሌላ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ካርዶቹን አንስቼ በመዳፌ ሳስተካክል የላይኛው ካርድ ጥግ ላይ የራሴን ቁጥር አየሁ።  አገላብጬ ስመለከት አምስተኛው ያንተ ነው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከጠባቂው ክብሪት ሲጋራ ያቀጣጥላል። አቶ አስገዶም ጀርባቸውን ሰጥተው ማተሚያው ማሽን ላይ ወረቀት ይከታሉ። ካርዴን ሳብ አድርጌ ጋዋን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

እዚህ ላይ ባቆም ሌላም ሰው ያደርገዋል ብለህ ታልፈው ይሆናል። ግን ላቆም አልችልም። ክብሪቱ ጠፋበትና ሁለተኛ ጫረ። ጊዜ ነበረኝ። ያንተን ካርድ በሁለት ጣቴ ይዤዋለሁ። አንድ ካርድ ቢጎድል የማሽን ስህተት ይመስላል፣ ሁለት ቢጎድል ግን የሰው እጅ ነው ይባላል ብዬ አሰብኩ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ያህል በፍጥነት አስቤ አላውቅም። ካርድህን መልሼ መሀል አስገባሁትና አሥራ ሦስቱን ለአቶ አስገዶም ሰጠኋቸው።

ማተሚያው አሥራ ሦስት ስም አወጣ። ሰውየው ሲጋራውን አፉ ላይ እንዳደረገ ወረቀቱን ቆጠረ። ከዚያ የእኔ ማሽን ጋ መጥቶ ቆጣሪውን አየ።

«ይሄ አሥራ አራት ይላል። አንዱ የት ሄደ?»

አቶ አስገዶም ቆጣሪውን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። እኔ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር፤ ኪሱ በዚያ በኩል ነው። በዚያ ሳምንት በየጠዋቱ አፌን ይዤ እየሮጥኩ ስወጣ ያዩኛል፣ ምንም ብለውኝ ግን አያውቁም። አሁንም ፊታቸው ምንም አልተለወጠም።

«ጓድ» አሉት፣ «ይሄ በጃንሆይ ጊዜ የመጣ አሮጌ ማሽን ነው። ሞተሩ ሲነሳ ባዶውን አንድ ይቆጥራል። እኛ ሁልጊዜ አንድ ቀንሰን ነው የምንመዘግበው።» ይህን እያሉ ቆጣሪውን በጣታቸው ወደ ዜሮ መለሱት።

አንተ ታውቃለህ፤ ያ ማሽን በዕድሜው አንድም ቀን ባዶ ቆጥሮ አያውቅም።

ሰውየው ወረቀቱን ወደ አቶ አስገዶም ገፋው። «እንግዲያው ፈርምበት» አለ። «ስህተት ከተገኘበት ሌላ ሰው አልፈልግም፣ አንተን ነው የምይዘው።»

ፈረሙ። ምርመራ ላይ ያሳዩህ ፊርማ ይሄ ነው። ስምህን የሰጡበት አይደለም፤ እኔን የሸፈኑበት ነው። አሥራ አራተኛዋ እኔ ነበርኩ።

ሰውየው «ዝርዝሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ከእኔ አትለይም» ብሎ ሽማግሌውን ይዟቸው ወደ ላይ ወጣ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ የወደቀ ወረቀት የሚያነሱ መስለው ጎንበስ አሉና፣ በጆሮዬ «እኔን አይለቁኝም። ልጁን አግኚው» አሉኝ።

አገኘሁህ። ይሄንን ነው እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት።

ስድስት ተኩል ላይ ምሳ ሰዓት ሁልጊዜ የምንገናኝባት ኬክ ቤት ገባሁ። አንተ ከመርካቶ ቀጥታ እዚያ መጥተህ ደረጃው ሥር ተቀምጠሃል። ከስድስት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት ጓደኛህ ያዋሰህን መጽሔት ከሩቅ እያውለበለብክ ጠራኸኝ። ገና ሳልቀመጥ ጀመርክ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለቆመው ማሽን፤ ርዝመቱ አሥራ አምስት ሜትር፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ቢዘረጋ ከለገሃር ተነስቶ ጂቡቲ ባሕሩ ድረስ ይደርሳል አልከኝ። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን ለማባዛት ስድስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ያኔ ግን ተአምር ነበር አልክ። ቀጥለህ ያንን የምትወደውን ጀርመናዊ ወጣት አነሳህ፤ ወላጆቹ ሳሎን ውስጥ ዕቃውን ገፍቶ የመጀመሪያ ማሽኑን እንደሠራ፣ በኋላም ሁለት ሺህ በሚያህሉ ሪሌዎች፣ በኤሌክትሪክ በሚከፈቱና በሚዘጉ የስልክ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ሌላ ሠርቶ፣ የቦምብ ድብደባ እንዳወደመበት።

«ቴሌ የሚጥለውን አሮጌ ሪሌ ብሰበስብ፣ ትንሽ አንድ፣ መደመር ብቻ የምትችል፣ እኔም እሠራለሁ» አልክ። «ምብራት ሳሎኗን ከሰጠችኝ ነው እንጂ። ከነሪሌዬ ነው የምታባርረኝ።»

ናፕኪኑ ላይ እየሣልክ አሳየኸኝ። ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ ተያይዘው አንድና አንድን እንዴት እንደሚደምሩ፣ ትርፉን ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደሚያቀብሉ። ኪሴ ውስጥ ያለው ካርድ ጥጉ ጭኔን ይወጋኛል። አርባ ደቂቃ ያህል ተናግረሃል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ እኔ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። «አትመለስ» ማለት ብቻ ነበር። መርካቶ ሄደህ አውቶቡስ ብትሳፈር ማታ ናዝሬት ትገባ ነበር።

ለምን አልነገርኩህም? ብትጠፋ ማን ነገረው ይባላል። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሽማግሌውና እኔ ነን፤ እሳቸውን ደግሞ ይዘዋቸዋል። ስለዚህ ወደ እኔ ይመጣሉ፣ እኔን ሲያገኙ ካርዱን ያገኛሉ። እንዲህ ብዬ አሰላሁ። ሒሳቡ ልክ ነበር።

አንድ ጊዜ ወሬህን አቋርጠህ «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ገርጥቷል» አልከኝ። ራሴን አመመኝ አልኩህ። መዳፍህን ግንባሬ ላይ አድርገህ ለካኸኝ። የቀረውን ኬክህን ወደ እኔ ገፋህልኝና «ብዪ፣ ጠዋት ምንም ሳትበዪ ወጥተሽ ይሆናል» አልክ። በላሁት።

ከዚያ «ሰዓት ደርሷል፣ እንነሳ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው አብረን እንዳያየን ሁልጊዜ እኔ እቀድም ነበር፣ አንተ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ትከተላለህ። ያን ቀን «ዛሬ አንተ ቅደም» አልኩህ። ምክንያቱን እንኳ አልጠየቅከኝም።

የወሰደህ ላንድሮቨር የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁ። ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ያዙህ፤ መጽሔቱ ከእጅህ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል አንዱ በእግሩ ገፋው። ዘወር ብለህ ወደ ኬክ ቤቱ በኩል አየህ። እኔ ፊቴን ወደ ጫማ ቤቱ መስኮት መልሼ ጫማ የምመርጥ መሰልኩ። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ከዚያ መስኮት አልተነቃነቅኩም።

በሦስተኛው ሳምንት እህትህ መሥሪያ ቤት መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ። በነዚያ ሦስት ቀኖች ታሞ ነበር ብሎ የሚመሰክርለት አንድ ሰው ፈልጉልኝ ብላ በየወንበሩ እየዞረች ለመነች። እኔም ጋ ደረሰች። «እህቴ፣ አንቺ ታውቂው የለ?» አለችኝ። በሥራ ብቻ ነው የማውቀው አልኳት። ከእኔ ጋር አምቦ ነበር ብል፣ ሆቴሉ መዝገብ ላይ ፊርማህ ነበር፣ ሄደው ያዩት ነበር። አባቴም ይሰማ ነበር። የእኔም ካርድ የት ሄደ ይባል ነበር። እህትህ እጄን ጨብጣ አመስግናኝ ወጣች። ያመሰገነችኝ ቁጭ ብዬ ስላዳመጥኳት ነው።

ከአሥራ ሦስቱ አራቱ አልተመለሱም። ለነሱ የምጽፍበት አድራሻ የለኝም። ስማቸውን ከነሠራተኛ ቁጥራቸው አውቀዋለሁ።

አቶ አስገዶም ከሁለት ቀን በኋላ ነበር ወደ ክፍላችን የተመለሱት፤ ጺማቸው አድጎ፣ ኮታቸው ተጨማዶ። ማንም በሌለበት ጠብቀው «አገኘሽው?» አሉኝ። «አላገኘሁትም» አልኳቸው። «ምን ታደርጊ» አሉኝ። ያቺ «ምን ታደርጊ» ከምርመራ ትከብዳለች። በማግሥቱ የጎደለውን ካርድ እንዳዲስ እንድበሳ አዘዙኝ፤ የሦስቱ ቀን ቦታ ደፍን ሆኖ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተናግረው አያውቁም። አገር ቤት ድረስ ፊርማው ተወርቶባቸው፣ በማኅበራቸው ጽዋ የሚያቀብላቸው ሲጠፋ እንኳ አልተናገሩም። ሚስታቸውም አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ያገኙት ካርድ የምንበሳው ሴቶች አዋጥተን የሰጠናቸውን ጋቢ ብቻ ነበር፣ ከአገራቸው ሰዎች አንድም የመጣ አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። የስኳር በሽታ እግራቸውን አሳብጦታል፤ ከአልጋ የሚወርዱት በሰው ነው። ወይዘሮ ለተክርስቶስ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ፣ በመጨረሻ አፌ ተከፈተ። አግኝቼው ነበር አልኳቸው። ምሳ አብረን በልተን ሳልነግረው ቀረሁ፣ ቅደም ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። 

«ገምቼ ነበር» አሉ። «ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ጠዋት መርካቶ ስልክ ስደውልለት ቀጥታ ኬክ ቤት እንደሚሄድ ነግሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብናገር ማን ይጠቀማል?» አሉ። ቀጥለው ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም። ለምን ያን ቀን እንደሸፈኑኝ ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ነው፤ ካንደበታቸው ብትሰማው ይሻላል። ልንገረው ወይ ስላቸው ግን «እኔ የተባልኩትን ተብያለሁ፣ አርጅቻለሁ። ለራስሽ አስቢ» አሉኝ። ሰባት ዓመት ለራሴ አስቤያለሁ፣ ይበቃኛል።

ስለዚህ ሂድላቸው። ቤታቸው ካንተ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ከአፍንጮ በር ታክሲ ማቆሚያው ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሐኪሙ ስለ ግራ እግራቸው ጥሩ አልተናገረም፤ ብዙ ቀን ያለህ አይመስለኝም። ሰው ባለበት ቀን ሂድ። ሰው ፊት እንደመለስካቸው ሰው ፊት እጃቸውን ጨብጥ። ማን ነገረህ ቢሉህ ስሜን ጥራ፤ ፈቅጃለሁ። ለምብራትም ንገራት። መንገድ ላይ ብታገኘኝና የመጣላትን ብትለኝ ቆሜ እሰማታለሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ብትለኝ ምን እንደማደርገው አላውቅም። ያንን ሁሉ ዓመት አንተ እዚያ ሳለህ እኔ ፒያሳ ወጥቼ ገብቻለሁ፣ ደመወዝ ተቀብያለሁ፣ ሠርግ ሄጃለሁ፣ ስቄያለሁም። አሮጌዎቹ ማሽኖች አምና ወጥተው ጓሮ ተጣሉ፤ በምትካቸው ድምፅ የሌለው፣ መስታወት ያለው መጣ። ሴቶቹ ደስ አላቸው። እኔ ጓሮ ወርጄ ካርድ መለያው ላይ ዝናብ ሲወርድበት አየሁና፣ አንተ ብታይ ታለቅስ ነበር ብዬ አሰብኩ። አንተን የማሰብ መብት እንደሌለኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስለ ኑሮዬ ትንሽ ልንገርህና ልጨርስ። በ70 ሰኔ ከአባቴ ቤት ወጣሁ፤ ወጣሁ ነው የምለው፣ አስወጣኝ ላለማለት። እዚህ ዶሮ ማነቂያ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አላገባሁም። ብቻዬንም አይደለሁም። አብራኝ የምትኖረው በመጪው ነሐሴ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ሁለተኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ትወዳለች፣ ንባብ ያስቸግራታል። የጎረቤት ሬዲዮ ከተበላሸ የሚጠሩት እሷን ነው፤ በማንኪያ እጀታ ትፈታዋለች፣ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ብሎን ተርፎ ይቀራል። ማን አስተማረሽ ሲሏት ትከሻዋን ታነሳለች። እኔም ወሬ እቀይራለሁ።

ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጽፌዋለሁ። ሰበብ እንዳይመስልህ። ኬክ ቤቱ ውስጥ ለፈጸምኩት ሰበብ አላቀርብም። እሷ ምንም አታውቅም፤ ዕዳም የለባትም። ከትምህርት ቤት ስድስት ሰዓት ላይ ትወጣለች፣ በጊዮርጊስ በኩል ነው የምትመጣው፣ ቀይ ሹራብ ለብሳ። ይህን ለምን እንደጻፍኩልህ አንተ ታውቃለህ፣ ካላወቅክም ይቅር።

አላህም በለው እግዚአብሔር፣ አንተ በምትጠራው ስም፣ ዓይንህን ይመልስልህ፣ ወገብህን ያበርታልህ፣ የወሰዱብህን ዕድሜ ከፊት ለፊትህ ይጨምርልህ። እህትህን ያኑርልህ። ሽማግሌውንም ደጃፋቸውን እስክትረግጥ ያቆይልህ።

የልጅቷ እናት